ብቻዬን የማነበው

ይድረስ ለልጄ ለየዓለምወርቅ፣ ቡልጋሪያ።

የቀጨኔው መድኃኔዓለም በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ። እኔ ጉልበቴን ብርዱ ከሚነካካኝ በቀር ደህና ነኝ። ይህን የጻፍኩት ራሴ ነኝ! የቀበሌውን መሠረተ ትምህርት ጨረስኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ መነጽርም አደረግሁ። እንዝርቴን አስቀምጬ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር አነባለሁ።

እስከ ዛሬ ጋሽ ወልዱ ደብዳቤሽን ሲያነቡልኝ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ይሰማ ነበር። አንቺም ይህን ስለምታውቂ «ደህና ነኝ» ብቻ ትያለሽ። አሁን በሬን ዘግቼ ብቻዬን ነው የማነበው። እፎይ ብያለሁ።

እስቲ እውነቱን ጻፊልኝ። ምን ትበያለሽ? የፈተልኩልሽ ጋቢ ይሞቅሻል? ታለቅሻለሽ ወይ?

በሰላም ያገናኘን። ቀስ ብዬ ስለማነብ ፊደሉን ጎላ አድርጊልኝ።

እናትሽ ማሚቴ፣ በገዛ እጄ።