ካስክ የገባው ኮይል

ማክሰኞ፣ ሰኔ 9 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ
ከመኪናህ ውስጥ፣ ከሾፌሩ ወንበር ላይ

ይድረስ ለአባዬ፣ የራሱን መኪና አኩርፎ የሰው መኪና ለሚነዳው፤

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። እናቴም ደህና ናት፤ ስምህን ሳትጠራ «ያ ሰውዬ በልቶ ይሆን?» እያለች ታስቸግረኛለች። «የትኛው ሰውዬ?» ስላት ማማሰያ ታነሳብኛለች።

የምጽፍልህ ወንበርህ ላይ ተቀምጬ ነው። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፤ መስታወቱ በትንፋሼ ደብዝዟል። ዓይኔን ስጨፍን መኪናዋ የምትሄድ ይመስለኛል። ግድግዳው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ የልብስ ማስጫው ገመድ መንገድ ይሆናል፣ አንተ ያለህበት ከተማ ደርሰን ጥሩምባ እንነፋለን። ከዚያ እናቴ መስታወቱን ታንኳኳና «ውረጂ፣ ልብስ አስገቢ» ትለኛለች።

«መኪናዋን ያበላሸሻት አንቺ ነሽ» ብለህ ከሄድክ አምስት ወር ሆነህ። እውነት ነው፣ ጠዋት ጠዋት ኮፈኑን ከፍቼ ወፍራሟን የኮይል ሽቦ እነቅል ነበር። አንተ ቁልፍ እያዞርክ ስትነጫነጭ ሽቦዋን ከኪሴ አወጣለሁ፤ ትስቃለህ፤ ቁርስ አብረን እንበላለን። ዳገቱ ላይ ተሳፋሪ ይዘህ ስትቆም ግን እጄ የለበትም። ብዬሃለሁ። አንተን ብሆን እኔም አላምንም ነበር።

«ሽጧት» የሚለው ደብዳቤህ ሲመጣ ነገሩ ከነከነኝ። ቀስበቀስን፣ ያን ጎረቤታችንን መካኒክ፣ የኤሌክትሪክ መለኪያህን አውሰኝ አልኩት።

«ስምንተኛን ያልጨረሰች ልጅ መለኪያ ምን ያደርግላታል?»

«አንተ ጨርሰህ ምን አገኘህበት?»

ስቆ ሰጠኝ።

ኮይሉን ስፈታው እናቴ «ይሄ ጣሳ ደግሞ ምንድነው?» አለች።

«ከባትሪው ትንሽ ጉልበት ተቀብሎ ለካንዴላዎቹ ትልቅ እሳት የሚልክ ነው።»

«እንደ አባትሽ በያ» አለችና ገባች።

መለኪያውን መሃለኛው አፉና የጎኑ ብሎን ላይ ብነካው ቁጥሩ ልክ ነው። ቀስበቀስም ስንቴ ለክቶ «ጤነኛ ነው» ያለህ ለዚህ ነው። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። መኪናዋ በቆመችብህ ቁጥር፣ መካኒክ ሳይደርስ፣ ኮፈኑን ከፍተህ እርጥብ ጨርቅ ታለብሳታለህ። «ደክሟት ነው፣ ትረፍ» እያልክ። አባዬ፣ የበሽተኛዋን ትኩሳት አብርደህ ነው ለሐኪም የምታሳየው።

ስለዚህ ኮይሉን በሻሽ ጠቅልዬ ፀጉር ቤት ወሰድኩት። ሴቶች ፀጉራቸውን የሚያደርቁበት ካስክ ስር፣ በሁለት ደንበኞች መሃል አስቀመጥኩት።

«ይሄ ደግሞ የማነው?» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«የአባቴ ነው። ሠርግ አለበት።»

ሞቃቱ አየር ያንጎራጉራል፣ ሴቶቹ ያንቀላፋሉ፣ ኮይሉም አብሯቸው ሕልም የሚያይ ይመስላል። ሲግል ለካሁት። ቁጥሩ ጠፋ። ሲቀዘቅዝ ተመለሰ። እንደገና አጋልኩት፤ እንደገና ጠፋ። ሆዱ ውስጥ የተበጠሰች ቀጭን ሽቦ አለች፤ ሲሞቅ ትለያያለች፣ ሲበርድ ትገጥማለች። እዚያው ካስኩ ስር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሴቶቹ ሻምፑ ዓይኔ የገባ መሰላቸው።

ቀስበቀስ ከቆመ መኪና የፈታውን ኮይል ሰጠኝ። ትናንት በጠራራ ፀሐይ ዳገቱን ሦስቴ ወጣነው፣ እሱ እየነዳ፣ እኔ እየጸለይኩ። አልቆመችም። እናቴ ከኋላ ወንበር ሆና «እስቲ አንዴ ድገሙት» አለች።

ገዢው ቅዳሜ ይመጣል። መጥቶ ይመለሳል እንጂ መኪናዋ አትነሳለትም፤ ወፍራሟን ሽቦ ነቅዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ጠቅልዬ ልኬልሃለሁ። ይቺኛዋን የነቀልኳት እኔ ነኝ፣ አልክድም። በሰው እንዳትመልሳት፤ በእጅህ ይዘሃት ና። ቁርስ ሳንበላ እንጠብቃለን።

ፈጣሪ ዳገቱን ሜዳ ያድርግልህ፤ ከፊትህ ቀና መንገድ፣ ከኋላህ ጥሩ ሰው አያሳጣህ።

ወንበርህን ወደ ፊት ስቤዋለሁ፣ እግሬ አልደርስ ብሎ። ስትመጣ ወደ ቦታው መልሰው።

ልጅህ፣
ያቺው ጣጠኛ