ወፍራሙን ድምፅ ተከተይ

ቶሮንቶ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለሜ፣

ሰላምታዬ ከአንቺ ጀምሮ ቤትሽ ላለው ሁሉ ይድረስ። እንዴት ሰንብተሻል? ስኳርሽስ ወረደልሽ? ለጉልበትሽ የላክኩት ቅባት ማለቁን ስለገመትኩ ወደ አገር ቤት በምትመጣው በሔርሞን ሻንጣ ሌላ አስገብቻለሁ። እኔ በጤናዬ ደኅና ነኝ፣ ይመስገነው። ብርዱ ገብቷል፤ መሬቱን ግን ገና በረዶ አልያዘውም።

በስልክ ያልመለስኩልሽ ንቄሽ አይደለም። የድምፅ መልእክትሽን ስድስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በስልክ ብጀምረው መሐል ላይ ታቋርጪኛለሽ፤ እኔም ያንን ሰበብ አድርጌ ስለ ገበያ ማውራት እጀምራለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ጻፍኩት።

ያልሽኝን በትክክል ተረድቼ እንደሆነ ልድገመው። አዲስ የሚሠራው መንገድ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያልፋል። እስከ ኅዳር መጨረሻ ሁሉም የየራሱን አጽም ያንሣ ተብሏል፤ ያልተነሣው በአንድ ጉድጓድ ይገባል። ጥዱ ተቆርጧል፣ የቆርቆሮ መስቀሉም ወድቋል። ከጥዱ ሥር ከነበሩት ሁለት መቃብሮች አንዱ የአባዬ፣ ሌላው የጋሽ ፀጋዘአብ ነው። የጋሽ ፀጋዘአብ ልጆች ግን «በስተቀኝ ያለው የእኛ ነው» ብለዋል። አንቺ በቀብሩ ጊዜ አራስ ነበርሽ፣ አላየሽም። ያየሁት እኔ ነኝ፤ በስተቀኝ ያለው የአባዬ ነው። ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ ግን የአንድ ሰው ቃል አይበቃቸውም።

ከዚያ አንቺ መላ አመጣሽ። «ያንን በመሬት ውስጥ ያለ ወርቅ የሚያሳብቅ ማሽንህን ላክልኝ። አባዬ ከነቀለበቱ ነው የተቀበረው። የጮኸው የእኛ፣ ዝም ያለው የእነሱ ነው» አልሽ። እነሱም ተስማሙ። ካህኑም «ነጋዴ ወንድም ያለው ሰው ምን ይቸግረዋል» ብለው እንደሳቁ ነገርሽኝ።

መጀመሪያ የጻፍኩልሽ ደብዳቤ ይሄ አልነበረም። ማሽኑን ጉምሩክ አያሳልፈውም የሚል ነበር። ጥሩ ደብዳቤ ነበር፣ ያሳምናል። ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ቀን አስቀምጬ ቀደድኩት። ማሽኑ ባይመጣ እነሱ ብዙ ናቸው፣ አንቺ አንድ ነሽ፤ ባዕድ አጽም አስታቅፈው ይሸኙሻል። ማሽኑ መጥቶ ዝም ቢል ደግሞ አንቺው ራስሽ «ይሄ አባዬ አይደለም» ብለሽ ትተሽው ትሄጃለሽ። ሁለቱንም ደጋግሜ አሰብኩት። የማያዋጣ ነው።

የማሽኑን ነገር ልንገርሽ። ጫፉ ላይ ሰሃን የመሰለ ነገር ያለው ዘንግ ነው። ብር ሲያገኝ ቀጭን ድምፅ ያወጣል፣ ወርቅ ሲያገኝ መካከለኛ፣ ብረት ሲያገኝ ወፍራም፤ ከበር ኋላ እንደሚያጉረመርም ሰው ዓይነት። መሬቱ በሚስማር የተሞላ ስለሆነ እኛ ብረት እንዳይሰማ አድርገን እንዘጋዋለን። እንዲህ አድርጌ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። የንግሥት ቪክቶሪያ ሳንቲም፣ የእንግሊዝ ወታደሮች የኮት ቁልፍ፣ የድሮ ጥይት እርሳስ አውጥቻለሁ። እያንዳንዱን ከነቀኑና ከነጥልቀቱ በማስታወሻ ደብተሬ መዝግቤ ቅዳሜ ገበያ ላይ እሸጣለሁ።

መልእክትሽ በደረሰኝ ማግሥት ከዙበይር ጋር ወደ ስካርቦሮ ጫፍ ወጣን። ዙበይር ታክሲ ነጂ ነው፤ ለመቆፈር ሳይሆን ለወሬ ነው የሚከተለኝ። ቦታው የድሮ እርሻ ነው። ቤት ሊሠራበት ዶዘር ላዩን ገፎታል፤ ባለቤቱም ፈቅዶልኛል። ያን ዕለት የብረቱን ከፈትኩት። ለምን እንደከፈትኩት ወደ ታች ስትደርሺ ይገባሻል። ሜዳው ሁሉ ማጉረምረም ጀመረ። ዙበይር ከኋላዬ «ቁራሌው! ቁራሌው! አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ቆርቆሮ ልትለቅም ነው የመጣኸው?» እያለ ይስቃል።

ከአሮጌው አጥር አጠገብ ስደርስ ድምፁ ሥርዓት ያዘ። አንድ እዚህ፣ አንድ ጥቂት አለፍ ብሎ፣ ከዚያ ዞሮ። ድምፅ በሰማሁበት ሁሉ ቅጠል አኖርኩ። ዙበይር ቁራሌውን ተወ። ስጨርስ ቅጠሎቹ የሣጥን ቅርፅ ሠርተዋል። ርዝመቱ ከገበያ ጠረጴዛዬ ያንሳል።

«የልጅ ነው» አለኝ ዙበይር። ኮፍያውን አስተካክሎ ፋቲሃ ቀራ። «ሃይማኖታቸው ምን እንደነበረ አናውቅም፤ አይጎዳቸውም» አለኝ። ከዚያም «ባለፈው ሳምንት እዚህ ላይ ቆመህ ሻይ አልጠጣህም?» ብሎ ጠየቀኝ። ጠጥቻለሁ አልኩት። «ማሽኑ ያኔ ምን አለህ?» ምንም።

ሳልቆፍር ለባለቤቱ ደወልኩ። ፖሊስ መጥቶ አጥሮታል፤ ሥራው ቆሟል። በሕጉ መሠረት የሚገባኝን አድርጌያለሁ።

ድምፁ ግን አብሮኝ ተመለሰ። ባቡሩ ቪክቶሪያ ፓርክ ጣቢያ ሲገባ ፍሬኑ ያንኑ ወፍራም ድምፅ ያወጣል። ክሬሰንት ታውን ያለው የሕንፃችን ሊፍት ሲቆምም እሰማዋለሁ። ገበያ ላይ መልስ ልመልስ ቀኝ እጄን ስዘረጋ መዳፌ ይቀዘቅዛል፤ ትንሽ ግን ከባድ ነገር የያዝኩ ይመስለኛል። ጣቶቼ ቶሎ አይዘረጉልኝም። ደንበኞች እጄን ያዩና ዓይናቸውን ያነሣሉ። ሐኪሙ ምንም የለህም ብሎኛል። እኔም አምኜዋለሁ፤ እጄ ግን አላመነውም።

የ1989 ደብተሬን አወጣሁት። ሐምሌ 11 ላይ እንዲህ ይላል፦ «ዝናብ። ለግነዛ እኔና ዲያቆኑ ብቻ። ዲያቆኑ ክር ሊያመጣ ወጣ። በዘጠኝ ሰዓት ቀበርነው።» በመካከሉ ሁለት መስመር ባዶ ትቻለሁ። ባዶ መስመር መተው ልማዴ አይደለም። ነሐሴ ላይ ወደ ካርቱም ስነሣ የመነሻውን ገንዘብ ከየት አገኘህ ብለሽ ጠይቀሽኝ አታውቂም። አንዳንዴ ብትጠይቂኝ ኖሮ እላለሁ።

የአባዬን ሚዛን ታስታውሻለሽ። ከቀብሩ በኋላ የመቶ ግራሙ ብረት ጠፍቶ ከረጢቱን ሁሉ ስትዘረግፊ፣ በመጨረሻ ከመርካቶ ሌላ ገዝተሽ የተካሽው። ያንን የጠፋውን ፈልጊ።

አሁን የምልሽን በደንብ ያዢ። ሔርሞን ማክሰኞ ትደርሳለች፤ ማሽኑ ተፈታትቶ ከነፈቃዱ በሻንጣዋ ነው። የብረቱን ቁልፍ ከፍቼ በፕላስተር አሽጌዋለሁ፤ ማንም ዐዋቂ ነኝ ባይ እንዳይነካው። ማሽኑ ከአንድ ክንድ በታች አይሰማም፤ ቆፋሪዎቹ መጀመሪያ አፈሩን እስከ ሣጥኑ አካባቢ ያውርዱት። በስተቀኝ ባለው መቃብር፣ ከወገቡ በላይ፣ በቀኝ እጁ በኩል ወፍራም ድምፅ ትሰሚያለሽ። የሣጥን ሚስማር ነው ይሉሽ ይሆናል። ሚስማር ዳር ዳሩን ነው፤ ይህ መሐል ነው። ባዶ እጁን እንዳይሄድ ያስያዝኩት የሚዛኑ ብረት ነው፤ መዳፉ ውስጥ ነው። ጣቱ ላይ ምንም አትፈልጊ። ዝገት ካልበላው ከሥሩ አባዬ በሚስማር የጫራት የስሙ የመጀመሪያ ፊደል አለች።

ይህን ሁሉ ከመቆፈሩ በፊት ለካህኑም ለጋሽ ፀጋዘአብ ልጆችም በሰው ፊት ተናገሪ። ከወጣ በኋላ ከተናገርሽ አያምኑሽም። ቀድመሽ ከተናገርሽ ግን ማንም አጽሙን ሊወስድብሽ አይችልም። «ቀለበቱስ?» ብለው ይጠይቁሻል። አትከላከዪልኝ። «ወንድሜን ጠይቁት» በያቸው፤ ስልኬንም ስጫቸው። አነሣለሁ።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ የቆፋሪዎቹንም እጅ ያቅና። ለአባዬ አዲሱ ማረፊያው ሰላም ይሁንለት። ለልጆችሽ ምን ብለሽ እንደምትነግሪያቸው አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ ምረጪ አልልሽም። ሥራው ሲያልቅ ደውዪልኝ። ካልደወልሽም ይገባኛል።

ወንድሜ ነህ ካልሽኝ፣
ታናሽ ወንድምሽ