ባትሪውን የጨረሰው ሬዲዮው አይደለም

ልጄ፣ እህትህ ጋ ሄጃለሁ። የመኪናው ቁልፍ ቦታው አለ።

መኪናውን በአባትህ ቴስተር ለካሁት። ቻርጅ ካስደረግከው ወዲህ ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው አሥራ ሁለት ተኩል ቮልት ያሳያል፤ ደህና ነው። ሞተሩ ተነሥቶም ግን አሥራ አራት መድረስ ሲገባው እዚያው ቀረ። ዲናሞው ባትሪውን አይሞላም ነበር ማለት ነው። ከጀርባው ያለው ወፍራም ሽቦ ጫፉ ዝጎ አረንጓዴ ሆኗል። የባትሪውን ገመድ ፈትቼ የሽቦውን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፣ ቡሎኑን አጠበቅኩት። አሁን አሥራ አራት ይላል።

ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ እየነቀልክ መሞከሩን ተው፤ ዲናሞውን ታቃጥለዋለህ።

«መዝሙር እየሰማሽ ባትሪውን ጨረስሽው» ብለህ በጎረቤት ፊት ሬዲዮውን ነቀልከው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት ሆነ፤ መኪናው አራት ጊዜ ተገፍቷል። እንግዲህ ማን ሲያዳምጥበት ነው?

አባትህ ካረፈ ወዲህ ደስ ብሎኝ የምቀመጠው እዚያ ጋቢና ውስጥ ብቻ ነበር። ታውቃለህ።

ሬዲዮውን አልጋህ ሥር አይቼዋለሁ። አልነካሁትም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ስጸልይ ስምህን ስዘለው ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ።
ዛሬ ጠዋት ጠርቼሃለሁ።
ከሁሉም መጨረሻ።

እናትህ