ትኩሳቱ መቼ ጀመረህ?

ሸሕዲ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለባየልኝ
ገለጉ፣ ካለህበት የሰሊጥ እርሻ

እንደምን ከረምህ አልልህም። እንዴት እንደከረምህ ሾፌሩ ሙዓዝ ቁጭ ብሎ አንድም ሳያስቀር ነግሮኛል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ሰምተህ ደስ እንዳይልህ ብዬ ልተወው ነበር፤ ደግሞ ይወቀው፣ ያለ እሱም ቆሜ እሄዳለሁ ብዬ ጻፍሁት። መቅዲን ከቀበርን ዓመት ሊሞላን ነው። አንተ የልጅህ አርባ ሳይወጣ ትራክተርህን አስነስተህ ሄድህ፤ እኔም ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልላክሁልህም። ዛሬ የምጽፍልህ ናፍቀኸኝ እንዳይመስልህ።

ሙዓዝ ከእናንተ ዘንድ የጫነውን ሰሊጥ አራግፎ ወደ ቤቴ መጣ። "እትዬ ጸዳለ፣ ባየልኝ ልኮኝ ነው። ትኩሳት ይዞት ሰንብቷል። ወባ ነው ይላል፣ ዋሴ መርፌ እየወጋው ነው። ሰሊጡ ሲያልቅ እመጣለሁ፣ እስከዚያው የሚቀመስ ነገር ላኪልኝ በላት ብሎኛል" አለኝ። ዋሴ ማለት ያ በየእርሻው እየዞረ ለራስ ምታቱም ለቁርጥማቱም አንዱን መርፌ የሚወጋው ሰው ነው፤ አንተ "ዶክተር" የምትለው።

"ምን ይመስላል?" አልሁት።

"ወላሂ እትዬ፣ ሰው አይመስልም። እግሩ እንጨት ሆኗል። ሆዱ ግን ተነፍቷል፣ ቀበቶው አልገጥም ብሎት በገመድ ነው የታጠቀው። አፍንጫውም ይነስረዋል።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ሠራተኞቹ ከአረም ጊዜ ጀምሮ ነው ይላሉ። እሱን ብትጠይቂው ግን ከሰሞኑ ነው ይላል።"

ከሰሞኑ! ይህችን ስሰማ ምን እንደሆንሁ ልንገርህ፤ ሳቅሁ። ሙዓዝ አብዳለች ብሎ ወደ በሩ ፈቀቅ አለ። ደስ አለኝ ባየልኝ፣ ምን ልደብቅህ። ዓመቱን ሙሉ እህል አፌ ውስጥ አመድ አመድ ሲለኝ የከረምሁት ሴትዮ ሥጋ ገዝቼ ጠበስሁና ብቻዬን ጠግቤ በላሁ። ለሙዓዝም መልስ ሰጠሁት። "ሰሊጡ ይታጨድ፣ ነዶው በሂላ ይቁም፣ ከዚያ ይታሰብበታል ብላለች በለው" አልሁት። ቃሉ የማን እንደሆነ ታውቀዋለህ።

ረስቼዋለሁ ካልህ ላስታውስህ። አምና መቅዲን ትኩሳት ሲጀምራት ሰሊጡ ገና እየታረመ ነበር። ከሱቅ ክኒን አመጣህላት። ከዚያ ዋሴን ጠራህላት፣ ልጄን እንደ ጆንያ እየደጋገመ ወጋት። ትኩሳቱ ሲሄድ ሲመጣ ከረመ። ለመስቀል የገዛህላት ቀሚስ ክንዷ ላይ እየሰፋ ሆዷ ላይ ጠበበ። "ልጅቷ ወፍራለች እኮ፣ ምን ሆነች ትያለሽ?" ብለህ ቀለድህብኝ። ሸሕዲ እንውሰዳት ብዬ እግርህ ላይ ስወድቅ ደግሞ አጨዳው ደረሰ። "ሰሊጡ አፉን እየከፈተ ነው፣ አንድ ቀን ካሳደርሁት መሬት ላይ ይራገፋል። ትራክተሩን ላንቺ ሰጥቼ ሠራተኛውን በምን ላመላልስ? ይታጨድ፣ ሂላው ይቁም፣ ከዚያ ይታሰብበታል" አልኸኝ። አዝያት በእግሬ ልነሣ ስል ሁለት ሰው ልከህ ከመንገድ አስመለስኸኝ።

እዚህ አገር ሁሉም ነገር ከሰሊጥ በኋላ ነው። ሠርጉም፣ ዕርቁም፣ ሕመሙም። ትኩሳት ግን ሰሊጥ አያውቅም።

በኋላ ናፍጣ አለቀብህና ወደ ሸሕዲ መሄድህ ካልቀረ ብለህ ይዘኸን መጣህ። ጤና ጣቢያው ስንደርስ ካርድ አውጥተን ተሰለፍን። ሲስተር ትርሐስ ከፊታችን የነበረውን አንድ ደገኛ የቀን ሠራተኛ "ይሄን ያህል ጊዜ የት ነበርህ? ነፍስህን ጠልተሃታል?" ብላ ስትቆጣው ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየው። አንተም አየኸው። ባለ ትራክተሩ፣ ሃምሳ አጫጅ የሚያሰማራው ጌታ፣ በሰው ፊት እንደዚያ ልትባል ነው። ተራችን ደረሰና "ትኩሳቱ መቼ ጀመራት?" አለች።

"ከአረም..." ብዬ ሳልጨርስ እግሬን በጫማህ ረገጥኸኝ።

"ከትናንት ወዲያ ነው ሲስተር። እሷ እናት ስለሆነች ደንግጣ ነው" አልህ። ሰልፉ እንዲሰማህ ጮክ ብለህ።

ሆዷን ዳሰሰችና ፊቷ ተለወጠ። "ጣፊያዋ አብጧል። በእርግጥ አልቆየም?" ብላ ደግማ ጠየቀችህ። "ቆየ የሚባል አይደለም" አልሃት። ዓይንህን እኔ ላይ ተክለህ ነው የመለስህላት። ከጣቷ ደም ወስደው ወባ አገኙባት፣ እሱም ነበረባት። ትርሐስ መድኃኒቱን ሰጠችንና "ጨርሳው ትኩሳቱ ካልለቀቃት አንድ ቀን እንዳታሳድሯት፣ ወዲያው አምጡልኝ" አለች። መድኃኒቱ አለቀ። ትኩሳቱ አልለቀቃትም። አንተ ሂላ ስታስቆም፣ ሰሊጥ ስታስወቃ፣ "መድኃኒቱ ገና እየሠራ ነው" ትለኝ ነበር።

ወደ ጤና ጣቢያው ስንመለስ አፍንጫዋ እየነሰራት ነበር። አንተ ትራክተሩን ልታቆም ውጭ ቀርተህ እኔ ብቻዬን ገባሁ፤ እውነቱንም ያን ጊዜ ተናገርሁ። ትርሐስ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። አምቡላንስ ጠራችልን፣ እስከ ሆስፒታሉም በስልክ ተከታተለችን። ጣፊያ የሚያሳብጠው ካላዛር ነው አሉን። መድኃኒት ያለው፣ ያውም በነጻ የሚሰጥ። ግን ደሟ አልቆ ነበር። ከዚያ ለቅሶ ቤት ተቀምጠህ ለመጣው ለሄደው "እግዜር ወሰዳት" ስትል ሰማሁህ። እግዜርን ለሥራህ መጋረጃ አደረግኸው። እኔ ያን ዕለት ነው አንተን መጥላት የጀመርሁት፣ እስከ ዛሬም አልደከመኝም።

ሥራ ፈትቼ የተቀመጥሁ እንዳይመስልህ። የቀን ሠራተኛው ቀጣሪ ከሚጠብቅበት ቦታ ዳቦና ሻይ እሸጣለሁ። የከሳ፣ የሚንቀጠቀጥ ሳይ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት አልፎት እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። ከግራ ጎኑ ከጎድን አጥንቱ በታች እንዲዳስስ አደርገዋለሁ። የወባ መድኃኒት ጨርሶ ያልተሻለው ከሆነ፣ ሆዱ ከነፋው፣ ከነሰረው፣ ሻዩን ሳይጨርስ ወደ ትርሐስ እሰደዋለሁ። መቼ እንደጀመረህ እንዳትዋሻት፣ ብትቆጣህም ቁጣዋ አይገድልህም እለዋለሁ። ለምን ብሎ ሲጠይቀኝ ደግሞ የአንተን ታሪክ እነግረዋለሁ፤ ከነስምህ፣ ከነትራክተርህ። ስምህ ከሠራተኛው ጋር ጎጃምም ወሎም ገብቷል። ይህን ሁሉ ለጽድቅ አላደረግሁትም። አንተን ለማዋረድ ነው። የዳኑት ለራሳቸው ዳኑ።

ለሙዓዝ ያን መልስ ከሰጠሁት በኋላ ወደ ትርሐስ ሄድሁ። የሄድሁት ከአፏ ሰምቼ ልረካ ነው።

"ካላዛር የያዘው ሰው ሳይታከም ቢቀር ምን ይሆናል?" አልኋት።

"ይሞታል።"

"መርፌ እየተወጋ ቢሆንስ? የወባ?"

"የወባ መድኃኒት ካላዛርን አይነካውም። በከንቱ ቀን ይገፋበታል እንጂ።"

"ቢታከምስ?"

"ከመጣ አብዛኛው ይድናል። ጸዳለ፣ ማነው የታመመው?"

"ማንም አይደለም" አልኋትና ወጣሁ። ለእኔ ማንም አልነበርህምና።

ወደ ቤቴ ስመለስ ግን መንገዱ በለቅሶ ተዘግቶ ነበር። አንድ ባለ እርሻ ሞቶ ኖሮ ጥይት ይተኮሳል፣ አልቃሿ "የእህሉ ጌታ፣ የሞተሩ ጌታ" እያለች ታወድሰዋለች። ቆሜ አየሁ። ይህ ሁሉ ለአንተም ሊደረግልህ ነው አልሁ። አንተ ጌታው፣ አንተ አባወራው ልትባል ነው። ማንም "ከልጁ ሰሊጡን ያስቀደመ ነው" አይልም፤ የሞተ ሰው አይወቀስም። እኔ ደግሞ ጥቁር ለብሼ ከፊት ተቀምጬ "እግዜር ያጥናሽ" ልባል። ከሁሉ የባሰው፣ ቀባሪው ሁሉ "ከልጁ ጋር ያገናኘው" ብሎ ሊመርቅህ ነው።

ከመቅዲ ጋር! እኔ እዚህ ዳቦ እየሸጥሁ አንተ ቀድመኸኝ እሷ ዘንድ ልትሄድ! አይሆንም ባየልኝ። ይህችን አልሰጥህም።

የጭነት መኪናዎቹ ከሚያድሩበት እስክደርስ በሩጫ ነው የሄድሁት። ሙዓዝ ጎማ እያስቀየረ ነበር። ያልሁህን ተወው፣ መልሱ ተቀይሯል አልሁት። ጎማው እስኪገባ ድረስ ነው ይህን የምጽፍልህ። እርሻህ ላይ ኔትወርክ ቢኖር ኖሮ ጮኼብህ ይወጣልኝ ነበር።

እንግዲህ ስማኝ። ዋሴ ዳግመኛ እንዳይነካህ። ጣፊያህን በጋለ ብረት እንተኩስልህ የሚሉህ ካሉም እምቢ በል። ሰሊጡ ከፈለገ ይራገፍ። ከሙዓዝ ጋር ተነስተህ ና። ለትርሐስ ከዚሁ ደውዬ ነግሬያታለሁ፤ የታመመው የመቅዲ አባት ነው ስላት "ይምጣ" አለች። ስትመጣ እንደ ሰው ትሰለፋለህ። ትኩሳቱ መቼ ጀመረህ ብላ ትጠይቅሃለች። ከአረም ጀምሮ ትላታለህ፣ ያኔ በዋሸህበት ድምፅ ልክ ጮክ ብለህ። ከዚያ ደግሞ አምና ልጄም ከአረም ጀምሮ ነበር የታመመችው ትላለህ፤ ሰልፉ እየሰማ። እኔ ከጎንህ እቆማለሁ። ብትዋሽ ዘንድሮ የምረግጠው እኔ ነኝ።

ስትድን ደግሞ ገና ነው። በየአጨዳው ከእኔ ጋር ሠራተኛው መሃል ትቆማለህ፤ ያደረግኸውን ራስህ በአፍህ ትናገራለህ። እኔ መናገሩ ሰልችቶኛል። ጸጉርህ እስኪሸብት፣ ጥርስህ እስኪረግፍ ትናገራታለህ። ጥይትም መርዝም አላስብልህም፤ በቀሌ ይሄው ነው።

እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ ይስጥህ። ምርቃት እንዳይመስልህ፤ የምትጠየቅበት ዘመን ይብዛልህ ማለቴ ነው።

የመቅዲ እናት
ጸዳለ

ሙዓዝ ወንድሜ፣ እሱ ዓይኑ ካቃተው አንተ አንብብለት፤ ከዚህ በታች ያለውን ግን ቀደህ ለራስህ ብቻ ያዘው። እምቢ ካለ ከሠራተኞቹ ጋር ተሸክማችሁ ጫኑት፣ ቢሳደብም አትስማው። ጭነቱ ላይ እንዳታስተኛው፣ ጋቢና ውስጥ ይሁን፣ ፀሐይ በማይመታው በኩል። ከቤት አምጥቼ በፌስታል የሰጠሁህ ጋቢ የእሱ ነው፤ ሲያንቀጠቅጠው አልብሰው፣ እኔ ላክሁት ግን እንዳትለው። ወንዝ ባገኛችሁ ቁጥር ቁምና ግንባሩን አርስለት። መንገዱ ጎርበጥ ሲል ቀስ በል፤ ጎኑን ቢያመውም አይናገርም፣ አውቀዋለሁ። በየትኛውም ሰዓት ብትደርሱ ጤና ጣቢያው በር ላይ ነኝ። መንገድ ላይ ሞቶ እንዳያመልጠኝ፣ አደራ።