አሚን ያልኩብሽ ዱዓ

እታለሜ፣ ከተለየሽን ዛሬ ሃያ አራት ቀን ሆነ። የምጽፍልሽ እዚሁ ዐረብ አገር፣ ሂንዳዊያ ሰፈር ካለው ቤታችን፣ አንቺ ሁልጊዜ ከምትደገፊው ግድግዳ ሥር ተቀምጬ ነው። ማዳምሽ ልብሶችሽን በአንድ ሻንጣ አድርጋ ትሠሪበት ከነበረው ቤት፣ ከሸረፊያ፣ ልካልናለች፤ እስካሁን አልከፈትነውም። እናቴ የእህቷን ሻንጣ ላለማየት ፊቷን አዙራ ታልፋለች። ዓርብም ቢሆን ወደዚህ ቤት የሚመጣ ሰው ጠፍቷል።

ልጅ ሳለሁ ዓርብ እንዴት ያለ ቀን ነበር! በየሰው ቤት የምትሠሩት አክስቶቼ ሁሉ የምታርፉት በዚያ ቀን ስለነበር፣ ከጁምዓ በኋላ በዚህች ሁለት ክፍል ቤት እግር ማሳረፊያ አይገኝም ነበር። እያንዳንዳችሁ ከማዳማችሁ ቤት የተረፈ ሩዝና ዶሮ በፌስታል ይዛችሁ ትገባላችሁ። አንቺ ሁሉንም አንድ ትሪ ላይ ትገለብጪና «የአምስት ሀብታም ምሳ በአንድ ድሃ ቤት!» እያልሽ ትስቂያለሽ። ታላቅ ወንድማችሁ ጋሼ ይመር መካ ጀርወል ከሚሠሩበት ሆቴል ትንንሽ ሳሙና በኪሳቸው ሞልተው ይመጡና ልጆቹን አሰልፈው በአማርኛ ይጠይቁናል። በዐረብኛ የመለሰ ሳሙና አያገኝም። እኔ አንድም ቀን አግኝቼ አላውቅም፤ አንቺ ነሽ ለራስሽ የሰጡሽን ደብቀሽ እጄ ላይ የምታደርጊልኝ። ከምሳ በኋላ በአንድ ፍራሽ ላይ ጋደም ብላችሁ የማዳሞቻችሁን አነጋገር እየኮረጃችሁ እንባ እስኪወጣችሁ ትስቁ ነበር። ያ ሳቅ በጣም ናፍቆኛል።

በዚያው ዓርብ ግን መርዶም ይነገር ነበር። የቤተሰባችን ሕግ ነው፤ አገር ቤት ሰው ቢሞት፣ በባዕድ ቤት ብቻዋን እንዳታለቅስ ተብሎ ሐዘንተኛዋ እረፍት እስክትወጣ ይጠበቃል። ዘመድ ከቧት ትረዳለች። መልካም ሕግ ነበር። በአንቺ ላይ ግን ተበላሸ።

እናታችሁ፣ አያቴ፣ ኮምቦልቻ ያረፉ ሳምንት ሌሎቹ ዓርብ ዕለት ተረዱ፤ አንቺ ግን ማዳምሽ እንግዳ ስለነበረባት አልመጣሽም። በሚቀጥለው ዓርብ ደም ግፊትሽ ተነሣብሽ። ከዚያ ረመዳን ገባ። ጋሼ ይመር «ኸላስ፣ በቃ፣ ዑምራዋን ታድርግና ትሰማለች» አሉ፤ ሁላችንም እሺ አልን። ስለ እናትሽ ስትጠይቂ ጆሯቸው ደክሟል፣ ስልክ አይሰሙም እያልን አታለልንሽ። አገር ቤት ያለችው ልጅሽ ሐያት እንኳ ለጤናሽ ፈርታ አብራን ዋሸች።

መካ አብሬሽ የሄድኩት እኔ ነኝ። ካዕባን ዞረን ስንጨርስ እጅሽን ዘርግተሽ «ያ ረቢ፣ የእናቴን ዕድሜ አርዝምልኝ፣ እዚህ አምጥቼ ላሳያት» ብለሽ አለቀስሽ። ዞር ብለሽም አሚን በይ እንጂ አልሽኝ። አሚን አልኩ። እናትሽ አፈር ከለበሱ ሁለት ወር ሊሞላቸው ነበር። መሞታቸውን ብታውቂ ኖሮ ሌላ ዑምራ ስለ እሳቸው ታደርጊላቸው ነበር፤ ዕድሜ ልካቸውን የተመኙት እሱን ነው። ያንን የቀማሁሽ እኔ ነኝ፣ እታለሜ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ዓርብ ሁሉ እየፈራን አሳለፍነው፤ አንቺም ሳትሰሚ ሞትሽ።

አሁን ደግሞ የሐያት ተራ ደረሰ። ኒካዋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ስልክሽ እኔ ጋ ስለሆነ የሠርግ ልብሷን ለብሳ የላከችልሽን ፎቶ ሁሉ አያለሁ። ከማዳምሽ ጋር ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ሄደሻል አልናት። ጋሼ ይመር ሠርጉ ይለፍ ብለው ወሰኑ። ክፋት አይደለም፤ ታውቂያቸዋለሽ፣ የሰው እንባ ማየት አይችሉም። እኔ ግን ሁለተኛ የምዋሽበት አፍ አጣሁ።

ትናንት ደብቄ ለሐያት አክስት፣ ለአባቷ እህት ደወልኩ። ዛሬ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ጎረቤት ሰብስባ ገባችላት። እኔ ስልክ ላይ ነበርኩ፤ ጩኸቷን ሰማሁት። የሞትሽበትን ቀን ስነግራት ያን ዕለት ሂና ልትመርጥ ገበያ ወጥታ ስትስቅ መዋሏን አስታወሰች። ይቅር በይኝ አልኳት። ጋሼ ይመር ከሰሙ ወዲህ አያናግሩኝም።

ከመዝጋቷ በፊት አንድ ነገር ጠየቀችኝ። እማዬ መጨረሻ ላይ ምን አለች? ጠርታኛለች? እታለሜ፣ «ስምሽን እየጠራች ነው የሞተችው» ማለት እንዴት ቀላል ነበር። ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ማንም አጠገብሽ እንዳልነበረ ነገርኳት። ጠዋት የማዳምሽ ወጥ ቤት ወለል ላይ እንዳገኙሽ፣ ያልሽውን የሰማ ሰው እንደሌለ ነገርኳት። ብዙ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ።

አልረሳሽም። ለሐያትም፣ አላህ ካለ ለምትወልዳቸውም እነግርልሻለሁ። ሳቅሽንም፣ ያን ወለልም፣ ሳላሳምር።