ስለ ሱልጣኔ፣ ስለ በረዶው ሣጥንና በጭቃ ስለተያዘችው አውሮፕላን

ለክንፈ አሸዋ የቅንጦት የአየር ላይ ጉብኝት ድርጅት
ለክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

መጋቢት 15 ቀን፣ ቆቦ

ክቡር ሆይ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ቢሮዎ ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣ፣ ሁሉም እንደምን ከረሙ? እኛ ቆቦዎች አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። ጾሙ በሰላም ተፈቷል፤ ሙቀቱ እንዳለ አለ፤ ጎርፉም ጎራ ብሎ ጠይቆን ሄዷል። አውሮፕላንዎም ከሮቢት በታች ባለው ሜዳ ላይ እስከ ሆዷ ጭቃ ውስጥ ተቀምጣ የአክብሮት ሰላምታዋን ታቀርብልዎታለች።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምንዎታለሁ። ድርጅትዎ የፈተና ውጤቴን የለጠፈው በመናኸሪያው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለሆነ፣ ምስጋናዬንም እዚያው ሰሌዳ ላይ መለጠፉ ሥርዓት መስሎኝ ነው። መናኸሪያ ለማይመጡት ደግሞ በቴሌግራም ልኬላቸዋለሁ።

ስሜ ፈሪሀ ኡበይድ ነው። በዱር እንስሳት ጥበቃ ትምህርት ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ዱር አህያ ሲሆን ሰማንያ ሁለት ገጽ ነው፤ የዱር አህያ ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ከተመረቅኩ ወዲህ ያጠናሁት ዱር ያንኑ የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። በዚያ ዱር ውስጥ “ሁለት ዓመት ልምድ ያላት” የምትባለዋ በየወሩ ትፈለጋለች፤ “ዜሮ ዓመት” የሚባለው ዝርያ ግን ከጠፋ ቆይቷል። አሁን ግን፣ ክቡር ሆይ፣ አንድ ነገር ብቅ ብሏል፤ የዱር አህያ የሚጠበቅበት አንድ ፓርክ ረዳት አጥኚ ይፈልጋል። የሚጠይቀው ዲግሪና ቢያንስ ሁለት ወር በመስክ አስጎብኚነት የተሠራበት ማስረጃ ነው። ምዝገባው የፊታችን አርብ ያበቃል። እኔ ደግሞ ለእርስዎ አሥራ አንድ ሳምንት ሠርቻለሁ። እንግዲህ ከዚህ በታች የሚያነቡት ሁሉ የአንዲት ወረቀት ጉዳይ ነው።

“ቅሬታ” የሚለው ቃል ስለሚከብደኝ ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ወንበሬ አመሰግናለሁ። ከአርባ ሦስት ተፈታኞች አንደኛ ወጥቼ ስቀጠር፣ ከአብራሪው ጎን ያለው ወንበር የአስጎብኚዋ እንደሆነ በማስታወቂያው ላይ ከነማኅተሙ ሰፍሮ ነበር። እኔም ሞኟ ሌሊቱን ሙሉ በሐሳቤ በአውሮፕላኗ መስኮት በኩል ስመለከት አደርኩ። ሲነጋ ግን ለትንሽ አውሮፕላን ክብደት መለካት ግዴታ ነው ተባለ፤ ድርጅቱም ሚዛን ስላልነበረው ገበያ ወርጄ ወይዘሮ ጌጤ እህል በሚመዝኑበት ሚዛን ላይ እንድወጣ ተደረገ። አምሳ አንድ ኪሎ ሆንኩ። ከእኔ ቀጥሎ የእንግዶቹ መጠጥ የሚቀዘቅዝበት የበረዶ ሣጥን ወጣና አርባ ስምንት ሆነ። በሦስት ኪሎ ተሸነፍኩ፤ ወንበሩም ለሣጥኑ ሆነ። ወይዘሮ ጌጤ “እቴ፣ ምነው ማሽላ በሆንሽ! ማሽላ እንኳ ይጫናል!” ብለው ገበያውን አሳቁብኝ። ሣጥኑ ለፈተና ተቀምጦ እንደነበር አላስታውስም፤ ሆኖም በእነዚህ አሥራ አንድ ሳምንታት ውስጥ ከእኔ የበለጠ የዱር አህያ እንዳየ አልጠራጠርም።

ሁለተኛ፣ ስለ ባጃጁ አመሰግናለሁ። ስድስቱ እንግዶች ከላሊበላ ተነሥተው፣ በረሃውን ከላይ ዞረው፣ ሰጎኑንና ሚዳቋውን በመስኮት አይተው ከሮቢት በታች ለምሳ ሲያርፉ፣ እኔ በጎይቶም ባጃጅ ቀድሜ ደርሼ ከድንኳኑ ደጃፍ እንድቀበላቸው ተወሰነ። በትግርኛው “ሓፍተይ”፣ እኅቴ፣ እያለ የሚጠራኝ ጎይቶም ነዳጁን በሰጠ ቁጥር ቀና ብሎ “ሓፍተይ፣ አውሮፕላኗን ብቀድማት የሚከሰኝ የምድሩ ትራፊክ ነው የሰማዩ?” ይለኝ ነበር። በዚህ ዓይነት በአገራችን ታሪክ ያለፈውን ብቻ የምታስጎበኝ የመጀመሪያዋ አስጎብኚ ለመሆን በቃሁ፤ “ከግማሽ ሰዓት በፊት በግራ በኩል ያያችሁት ቀንደ ረጅም እንስሳ ሳላ ነበር” ማለት ሥራዬ ሆነ። አንድ አዛውንት በስልካቸው ያነሡትን አንበሳ በኩራት አሳዩኝ። ኩይሳ ነበር። ደስታቸውን ላለማጥፋት “በጣም ትልቅ ኩይሳ ነው” አልኳቸው። ሌላ ጊዜ አንዲት እንግዳ የደበዘዘ ፎቶ አሳየችኝ፤ እግሩ ላይ መስመር መስመር ያለው አንድ አህያ አቧራ አስነሥቶ ይሮጣል። ሰማንያ ሁለት ገጽ የጻፍኩለትን እንስሳ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፤ በሰው ስልክ ላይ፣ እሷ ሌላ ፎቶ ለማሳየት እስክትነጥቀኝ ድረስ።

ሦስተኛ፣ ስለ ዱር ግመሎቹ። እዚህ ላይ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በሚያብረቀርቀው መጽሔታችሁ ገጽ አሥራ ሁለት ላይ “በዚህ ምድር የቀሩት የመጨረሻዎቹ የዱር ግመሎች” ተብለው የታተሙት ስምንቱ ግመሎች የአጎቴ የሙሀመድሰይድ ግመሎች ናቸው። ከፊት የቆመው ሱልጣኔ ይባላል። አንገቱ ላይ የእንጨት ቃጭል አለበት፤ ታፋው ላይ ደግሞ አጎቴ በእጁ የተኮሰው ምልክት፣ ወረቀታችሁ ጥሩ ስለሆነ፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፎቶው ሲነሣ አጎቴ አጠገቡ ቆሞ ነበር፤ ፎቶ አንሺው “አባት፣ እንዳይታዩ ትንሽ ዘወር ይበሉ” አለው። አጎቴ እስከ ዛሬ “ሌባም እኮ ከግመሌ ኋላ ዘወር በል ብሎኝ አያውቅ!” እያለ ይስቃል።

እኔም ለእንግዶቹ የዱር ናቸው እንድል ታዘዝኩ። ሁለት ሳምንት ያህል ዝም በማለት ታዘዝኩ፤ ዝምታ ውሸት አይደለም ብዬ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ነጭ ፀጉር ያላት አንዲት እንግዳ፣ ለአምስት ቀን ጉዞ የመጣችና ሜዳው ላይ ደጋግማ ያረፈች፣ “የዱር ግመል ቃጭሉን ማን ያስርለታል?” ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? “የአጎቴ ነው፤ ስሙ ሱልጣኔ ነው፤ ስኳር ይወዳል” አልኳት። እሷ እየሳቀች ስኳር ፍለጋ ሄደች፤ ለእኔ ደግሞ “የእንግዳን የመደነቅ መብት ስለነካች” የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ድርጅቱ ስለ እኔ በጽሑፍ ያወጣው ብቸኛ ማስረጃ ይህ ስለሆነ በክብር አስቀምጬዋለሁ። ሴትዮዋም ስኳሩንና በረሃውን ስለወደደች በመጋቢት ተመልሳ መጣች። እሷን ያመጣው መጽሔቱ ነው ወይስ ሱልጣኔ፣ ፍርዱን ለእርስዎ እተዋለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ማኮብኮቢያው። የእኛ ገበሬ መኸሩን ካነሣ በኋላ ማሳውን እንደ ምንጣፍ የሚያስተካክለው አውሮፕላን ይመጣልኛል ብሎ አይደለም። ከላይ ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ ጠልፎ መሬቱ ላይ እኩል እንዲተኛለት ነው፤ ማሽላችን የሚበቅለው ጎርፉ ጥሎልን በሚሄደው ደለል ነው። የድርጅትዎ መሐንዲስ ግን ሜዳውን ከሰማይ አይቶ “ተፈጥሮ ያነጠፈችው ማኮብኮቢያ” አለው፤ ጎማ እንዳይነቀነቅ ብሎም ውሃ የሚገቱትን ሁለት ክትሮች አስናደ። አጎቴ “ልጆቼ፣ ይሄ የጎሊና ወንዝ መኝታ ነው፤ ባለቤቱ ሲመጣ ተነሡልኝ ይላችኋል” አላቸው። መሐንዲሱ ቀና ብሎ “አባት፣ ደመና እንኳ የለም” ብሎ መለሰ።

ክቡር ሆይ፣ ይህን በነፃ ልንገርዎ፤ እዚህ አገር ዝናብ የሚታየው ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ምዕራብ ነው። ደጋው ላይ ዘንቦ እኛ ፀሐይ ስንሞቅ ይደርሰናል።

መጋቢት 9 ቀን እንግዶቹ ምሳ ላይ ሳሉ የምዕራቡ ተራራ ጠቆረ። እንግዶቹ ይነሡ፣ አውሮፕላኗም ወደ ጠጠሩ መሬት ትጠጋ ብዬ ለመንኩ። አብራሪው አንጋጠጠና “ሰማዩ መስታወት ነው” አለኝ፤ እውነቱን ነበር። የምሳው አስተባባሪ ጣፋጩ ገና አልቀረበም አለ። ያን ጊዜ ብድግ ያለችው ያቺ ነጭ ፀጉር ያላት እንግዳ ናት። “የግመሉን ስም በእውነት የነገረችኝ ልጅ የጎርፉንም አትዋሸኝም” ብላ ቦርሳዋን አነሣች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ጉብታው ላይ ደርሰን ትንፋሻችንን ሳንሰበስብ ጎርፉ ድንጋይ እንደጫነ መኪና እያጓራ መጣ። ድንኳኑ ተጠቀለለ። አውሮፕላኗ ሁለቴ ተወዛወዘችና እንደ ጎሽ ጭቃው ውስጥ ተኛች። የበረዶ ሣጥኑ ግን ተንሳፍፎ ቁልቁል ወደ አፋር በረሃ ሄደ፤ አሁንም ቀደመኝ።

ስድስቱን እንግዶች እስከ ሮቢት የወሰዷቸው ሱልጣኔና ወንድሞቹ ናቸው። ጾመኛው አጎቴ ልጓም ይዞ ከፊት እየሄደ “የዱር ነን፣ ተጠንቀቁ፣ እንናከሳለን!” እያለ ያስቃቸው ነበር። በማግስቱ የድርጅትዎ ገጽ ይህንኑ “ያልተጠበቀ የዱር ግመል ግልቢያ” ብሎ ለጥፎ አየሁ። ትሕትናዎን አደነቅሁ።

አምስተኛና የመጨረሻው ምስጋናዬ መጋቢት 12 ቀን ስለደረሰኝ ደብዳቤ ነው። ጉብኝቱ ለጊዜው ስለቆመ መሰናበቴን አነበብኩና አልከፋኝም፤ አውሮፕላን ተኝታ አስጎብኚ አትቆምም። የሥራ ልምድ ማስረጃ እንዲጻፍልኝ ስጠይቅ ግን “ሠራተኛዋ በአውሮፕላኑ ተሳፍራ ስለማታውቅ በአየር ላይ ጉብኝት ሠርታለች ለማለት እንቸገራለን” የሚል መልስ ተሰጠኝ። ወንበሬን ለሣጥን ሰጥቶ ወንበር አልነበራትም ማለት፣ ክቡር ሆይ፣ በትምህርት ቤት ያልተማርኩት ጥበብ ነው።

እዚህ ላይ ላበቃ ነበር። ዳሩ ግን ትናንት ለአጎቴ በድርጅትዎ ማኅተም ሌላ ደብዳቤ መጣ። ትራክተር ገብቶ ስለሰጠመ፣ አውሮፕላኗን ከጭቃው ጎትተው ወደ ጠጠሩ መሬት እንዲያወጡ “ስምንት ግመሎችዎን በትብብር መንፈስ” እንዲልክ ይጠይቃል። ጮክ ብዬ አነበብኩለት። አጎቴ ሁለት ጊዜ አስደገመኝና “የዱር ናቸው ብለው የለ? ሄደው ራሳቸው ይለምኗቸው” አለኝ።

እኔም በሙያዬ የምጨምረው አለ። የዱር እንስሳን ይዞ መጫንና ማስጎተት ክልክል መሆኑን ለድርጅትዎ ሠራተኞች ያስተማርኩት ራሴ ነኝ፤ የመጀመሪያው ሳምንት ሥልጠና፣ ገጽ ሦስት። በዚህ ምድር የቀሩት የመጨረሻዎቹ የዱር ግመሎች ጭቃ ውስጥ ገብተው ገመድ ሲጎትቱ ቢታዩ ዓለም ምን ይለናል? ስለዚህ ኅሊናዬም ሙያዬም አይፈቅዱልኝም።

መፍትሔው ግን ቀላል ነው፤ በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የመጀመሪያው፣ በመጽሔቱ ገጽ አሥራ ሁለት ላይ የሚታዩት ግመሎች የሙሀመድሰይድ እንጂ የዱር አይደሉም የሚል። ሁለተኛው፣ ፈሪሀ ኡበይድ ከታኅሣሥ 25 እስከ መጋቢት 12 ቀን በመስክ አስጎብኚነት ሠርታለች የሚል። ሁለቱም እውነት ስለሆኑ ለመጻፍ አያደክሙም። ማኅተሙ እንደ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤዬ ማኅተም ደማቅ ቢሆን ደስ ይለኛል። ወረቀቷ በደረሰች ሰዓት ሱልጣኔ ገመዱን በአንገቱ አስገብቶ ይወርዳል፤ አጎቴ ቃሉን ሰጥቷል፤ ስኳሩን እኔ እችላለሁ።

ፓርኩ ከተቀበለኝ ደግሞ ቂም አልይዝም። አውሮፕላንዎ በላዬ ስታልፍ ከዱር አህያዎቹ መሐል ቆሜ እጄን አውለበልባለሁ፤ እንግዶችዎም በስልካቸው ያነሡኛል። አንበሳ ናት ቢሉም አላርማቸውም።

የእርስዎን ጤና፣ የድርጅቱን ክንፍና የሰማዩን ጥራት አላህ አብዝቶ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣

ከምድር ሳልነሣ በአየር ላይ ያገለገልኩዎት፣
ፈሪሀ ኡበይድ
(አምሳ አንድ ኪሎ)

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ጌጤ፣ ሚዛናቸው ትክክል እንደነበር ለመመስከር
ለሱልጣኔ፣ እንዲያውቀው

ድኅረ ጽሑፍ፦ አጎቴ ዛሬ ጠዋት ወደ ምዕራብ ሲመለከት ቆየና “ሐሙስ ነው፤ ቢዘገይ አርብ” አለኝ፤ ያሁኑ ከበፊተኛው የሚበረታም ይመስለዋል። እርሱን እንዲያምኑ አላስገድድዎትም። ከቢሮዎ ወጣ ብለው ቀና ይበሉና ይመልከቱ፤ ደመና እንኳ የለም።