ከእርከኑ ጫፍ ያለችው ቁርቁራ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18። አድ-ዳኢር፣ ዓረብ አገር።

ቀኑን ሙሉ ልቤ አላርፍ ብሎኛል። ጠዋት አሠሪያችን አቡ ሳሊም መጥረቢያ ይዞ መጣና ከቡናው እርከን ጫፍ ያለችውን ቁርቁራ ቁረጧት አለን። ጥላዋ ቡናዬን አቀጨጨው ነው የሚለው። ንብ የሚያረባው የመናዊ ጎረቤቱ ይህን ሰምቶ እየሮጠ መጣ። «አበባዋ ከሌለ ምን ማር አለኝ?» ብሎ ግንዷ ላይ ተጣበቀ።

እኔና ያገሬ ልጅ ሰይድ፣ ሁለታችንም ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የለንም። የፖሊስ መኪና ሽቅብ ሲመጣ እሾኋን ችለን ገብተን የምንደበቀው ከታችኞቹ ቅርንጫፎቿ ሥር ነው። ይህን ለአቡ ሳሊም ብንነግረው መዘዝ ታመጡብኛላችሁ ብሎ ዛሬውኑ ያባርረናል።

አላስችል ሲለኝ ግን፣ «አቡ ሳሊም፣ እኛ ወሎ ቁርቁራ በዋዛ አትቆረጥም። ሬሳ የሚታጠበው በቅጠሏ ነው» አልኩት።

መጥረቢያውን አወረደ። ዓምና እናቱ ሲሞቱ ቅጠሏን የሸመጠጠው እሱ ራሱ ነበር። ግንዷን በመዳፉ ዳበስ ዳበስ አደረገና፣ «ኸላስ፣ በቃ፣ ትቁም። የታችኛውን ቅርንጫፍ ብቻ መልምሉና ለቡናው ብርሃን ይግባ» አለ።

የመናዊው ግንባሬን ሳመኝ። ሰይድ ግን እስካሁን አኩርፎኛል። «ለሞተው አተረፍካት፤ ለኛስ?» ነው ያለኝ።

የመለመልኳት እኔው ነኝ። አሁን ከማደሪያችን በር ላይ ተቀምጬ አያታለሁ። በሥሯ አሻግሬ ሳይ ፖሊስ የሚመጣበት የመኪና መንገድ ወለል ብሎ ይታያል።